ነፋስ ቤቱን በመታው ጊዜ
ስለ ዐውሎ ነፋስ ጉዳት፣ ስለ መድን ካሳና ስለ እውነተኛ ምስክርነት



በዚህ እትም ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ከቤተ መቅደስ ይልቅ ለአናጺና ለጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ይመስላል። ነገሩ የተገነጠለ ቆርቆሮ፣ የረሰ እህል፣ የመድን ውልና የካሳ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ እምነቱ የሚፈተነው በጸሎት ሰዓት ብቻ አይደለም። ክዳኑ ተገልጦ ልጆቹን የት እንደሚያስተኛ ሲጨነቅ፣ በማግስቱም የጉዳት ዝርዝር እንዲጽፍ ወረቀት ሲቀርብለት፣ በዚያች ሰዓት በልቡ ያለው ሁሉ ይገለጣል። ስለዚህ ነገሩን በወንጌል ብርሃን መመልከት ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

1. ነፋሱ ሁለቱንም ቤቶች መታ

ጌታችን የተራራውን ስብከት የፈጸመው በሁለት ቤት ሠሪዎች ምሳሌ ነው (ማቴ. 7፥24-27)። አንዱ በዐለት ላይ፣ ሌላው በአሸዋ ላይ ሠራ። ብዙ ጊዜ ይህን ምሳሌ ስናስተምር የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዝናቡ፣ ጎርፉና ነፋሱ በሁለቱም ላይ መምጣታቸው ነው። ጌታ ለጥበበኛው ሰው ነፋስ አይነፍስበትም አላለም። የእርሱን ቃል ሰምቶ የሚፈጽም ሰው ቤቱ ከማዕበል የተከለለ ይሆናል የሚል ተስፋ በወንጌል ውስጥ አናገኝም። ተስፋው ሌላ ነው፤ መሠረቱ አይናወጥም የሚል ነው።

ይህን አስቀድመን የተናገርነው ያለ ምክንያት አይደለም። አደጋ በደረሰ ጊዜ «ምን ኃጢአት ሠርቶ ይሆን?» የሚል ድምፅ በመንደሩ ይሰማል። አንዳንዱም በቀጥታ ለተጎጂው ይነግረዋል። ጌታችን ግን በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ አስተማረ (ሉቃ. 13፥4-5)። ጻድቁ ኢዮብም ልጆቹን ያጣው ከምድረ በዳ የመጣ ታላቅ ነፋስ የቤቱን አራት ማዕዘን በመታው ጊዜ ነበር (ኢዮ. 1፥19)። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በሞከሩ ጊዜ ነው።

በዘመናችንም ይህን የሚያስታውሰን ነገር ታይቷል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ በፊሊፒንስ የደረሰው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ገድሎ፣ የታክሎባንን ከተማ እንዳልነበረች አድርጓት ነበር። ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በጥር 2007 ዓ.ም. ወደዚያ ሄዱ። በዕለቱም ሌላ ማዕበል እየቀረበ ስለ ነበረ እንደ ምእመናኑ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰው በዝናብና በነፋስ መካከል መሥዋዕተ ቅዳሴ አሳረጉ። አስቀድመው ያዘጋጁትን ስብከት ወደ ጎን ትተው፣ ለሐዘንተኞቹ የሚነግሩት ቃል እንደሌላቸው፣ ከእነርሱ ጋር ለመሆን ብቻ እንደ መጡ፣ መከራቸውን የሚያውቀው በመስቀል ላይ ያለው ጌታ እንደ ሆነ ነገሯቸው። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ራስ ዝም ማለትን ከመረጡ፣ እኛስ ክዳኑ በተነሣበት ጎረቤታችን ላይ የፍርድ ቃል ለመናገር እንዴት እንደፍራለን?

2. በደጋችን ላይ የሚነፍሰው ነፋስ

ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ እስከ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ በእርሱም ላይ የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። እግዚአብሔር ይህን ምድር በሁለት የዝናብ ወቅት ባርኮታል። የባሌ ገበሬ ስንዴውንና ገብሱን በ«ጋና» እና በ«ቦና» ሁለት ጊዜ የሚያመርተው በዚህ በረከት ነው። ዳሩ ግን ያው በረከት የሆነው ዝናብ አንዳንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ በረዶና ብርቱ ነፋስ ቀላቅሎ ይወርዳል። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የደረሰ አዝመራ ይተኛል፤ የሣር ክዳን ይበተናል፤ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ይነሣል።

ቆርቆሮ የሚነሣበት ምክንያት በአናጺዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ነፋስ በጣሪያው ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በር ወይም መስኮት ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው ነፋስ ከሥር ይገፋዋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተርና የተመታበት ምስማር ይላላል። ከግድግዳው ብዙ የወጣ የክዳን ጠርዝ ለነፋስ እንደ እጄታ ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያው ከግድግዳው ቋሚ ጋር በሽቦ ወይም በብረት ማሰሪያ በሚገባ ሲታሰር፣ በጠርዝ በኩል ምስማሩ ሲበዛ፣ በየዓመቱም ከዝናብ በፊት ሲፈተሽ ብዙ ጉዳት ይቀንሳል።

ይህን በመንፈሳዊ ጽሑፍ ውስጥ ማንሣታችን አያስገርማችሁ። በኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይጎዳ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። የቤት አሠራር ጥንቃቄ በእግዚአብሔር ሕግ ውስጥ የተጻፈው፣ ለባልንጀራ ሕይወት ማሰብ የፍቅር አንዱ ክፍል ስለ ሆነ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሲሄድ የመርከብ ጉዞው ጊዜ እንዳለፈ አይቶ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና የባለቤቱን ቃል ሰማ (ሐዋ. 27፥9-11)። ሐዋርያው በእግዚአብሔር መታመኑ ሰማዩን ከመመልከትና ከመምከር አልከለከለውም። በሚላላ ምስማር ላይ ተኝቶ «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት እምነት አይደለም፤ ጌታ በምድረ በዳ እምቢ ያለው እግዚአብሔርን የመፈታተን ነገር ነው።

3. መድን መግባት እምነት ማጣት ነውን?

አንዳንድ ምእመናን «ቤቴን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ፤ መድን መግባት በእርሱ አለመታመን አይሆንብኝምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚመጣ ስለ ሆነ በቅንነት ልንመልስ ይገባናል።

ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሳያልፉ ከምድሪቱ ፍሬ አንድ አምስተኛው እንዲከማች መከረ (ዘፍ. 41፥34)። የራቡን ዘመን የገለጠለት እግዚአብሔር ነው፤ ጎተራውን የሠራው ግን ሰው ነው። የእግዚአብሔር መግቦት ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው በሰዎች ጥበብና በሰዎች ኅብረት በኩል ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን እድርን ያቋቋሙት ይህን በኑሮ ስላወቁት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ መከራ በማን ቤት እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ በገባ ጊዜ ግን የሁሉም መዋጮ ለአንዱ ይቆማል። ሐዋርያው አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም፣ ይህንም በማድረግ የክርስቶስን ሕግ እንድንፈጽም ያዘዘን (ገላ. 6፥2) ለዚህ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛም በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት ታላቅ ሐዋርያዊ መልእክት፣ ድንገተኛ አደጋ፣ ሕመምና ሞት ለሚያገኛቸው ሠራተኞች፣ ለመበለቶችና ለሙት ልጆች የሚረዱ የመረዳጃ ማኅበራትን አመስግነዋል።

መድንም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች እድር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከሮቤ ባለ ሱቅ፣ ከአዳማ ባለ መኪና፣ ከአዲስ አበባ ባለ ፋብሪካ የሚሰበሰበው ገንዘብ አረቦን ይባላል፤ ጉዳት ለደረሰበት የሚከፈለውም ካሳ ይባላል። በአገራችን የመድን ውል በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ተደንግጓል፤ ኩባንያዎቹ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ። ዛሬ መድን ለባለ ጸጎች ብቻ የተተወ አይደለም። በጎረቤታችን በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት የሚታየውን የግጦሽ ልምላሜ መለኪያ ያደረገ የከብት መድን ለአርብቶ አደሮች ቀርቧል።

ስለዚህ መድን የገባ ክርስቲያን እምነት አላጣም። የሚሳሳተው ልቡን በመድኑ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ነው፤ እንደዚያ በወንጌል እንደ ተነገረለት ባለ ጸጋ ጎተራውን አስፍቶ ነፍሱን «ዕረፊ» የሚል (ሉቃ. 12፥16-21)። መድን ቆርቆሮ ይመልሳል፤ ነፍስን ግን አያድንም።

4. «ሁሉም ረሰ ብለህ ጻፍልኝ»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እንዲህ ያለ ጉዳይ ቢመጣ ብለን እናስብ። አንድ የቤተሰብ አባት ቤቱንና የእህል መጋዘኑን መድን አስገብቷል። ነፋስ የመጋዘኑን ክዳን ሩብ ያህል ገነጠለ፤ በውስጡ ከነበረው 30 ኩንታል ስንዴ 6ቱ ርሶ ተበላሸ። ሰውየው የትምህርት ቤት ክፍያ ያለባቸው ልጆች አሉት፤ ዕዳም አለበት። ጎረቤቶቹ «30ውም ረሰ በል፤ ክዳኑም በሙሉ ሄደ በል፤ ማን ያያል?» ብለው ይመክሩታል። ከዚያም ሰው ሁሉ የሚያከብረውን የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ቀርቦ «አንተ መስክርልኝ፤ ሁሉም ረሰ ብለህ ጻፍልኝ» ይለዋል። መምህሩ ምን ያድርግ?

ነገሩን ቀላል አድርገን አንመልከተው። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ የተጨነቀ አባት ነው። የሚያቀርባቸውም ምክንያቶች ከባድ ይመስላሉ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛው ምክንያት «ለብዙ ዓመታት አረቦን ከፍያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ካሳ አልጠየቅሁም፤ የራሴን ገንዘብ ነው የምወስደው» የሚል ነው። ነገር ግን በእድር ውስጥ ለሃያ ዓመት ከፍሎ ሐዘን ያልገባበት ሰው «ገንዘቤን መልሱልኝ» ይላልን? አይልም። ሐዘን ስላልገባበት እግዚአብሔርን ያመሰግናል። በየዓመቱ የከፈለው ገንዘብ በዚያ ዓመት የተሰጠው ዋስትና ዋጋ ነው፤ ዋስትናውንም አግኝቷል።

ሁለተኛው «ኩባንያው ሀብታም ነው፤ ይህ ለእርሱ ከባሕር ላይ እንደ ጭልፋ ውኃ ነው» የሚለው ነው። ሣጥኑ ትልቅ ስለ ሆነ የባለቤቶቹ ፊት አይታይም እንጂ በውስጡ ያለው የሰዎች መዋጮ ነው። በሐሰት የወጣው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት አረቦን ላይ ተጨምሮ ይመጣል፤ የሚከፍሉትም ሌሎች የቤተሰብ አባቶች ናቸው። በዘሌዋውያን መጽሐፍ እግዚአብሔር ትክክለኛ ሚዛንና ትክክለኛ መስፈሪያ እንዲኖር ሲያዝ (ዘሌ. 19፥35-36) የገዢው ወይም የሻጩ ሀብት እንዲመዘን አላዘዘም፤ ስንዴው እንዲመዘን እንጂ። 6 ኩንታል በድሃ ፊትም በባለ ጸጋ ፊትም 6 ኩንታል ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይከብዳል፤ «እውነቱን ብናገር ይቀንሱብኛል፤ ስለዚህ አስቀድሜ ልጨምር» የሚለው ነው። ይህ ምክንያት ከሌላው ወገን በኩልም በደል ሊኖር እንደሚችል ያሳያል፤ ስለ እርሱ ቆይተን እንናገራለን። ይሁን እንጂ በሐሰት የተጠናከረ ጥያቄ የተጠናከረ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ነው። ገማቹ የረሰውን ከረጢት ቈጥሮ፣ የቆመውን ክዳን ለክቶ የተጻፈው ሁሉ ሐሰት መሆኑን ባወቀ ጊዜ፣ ሰውየው በእውነት የጠፋበትን 6 ኩንታል ጭምር ሊያጣ ይችላል። በማግስቱ እውነተኛ ጥያቄ ይዛ የምትመጣው መበለትም በእርሱ ምክንያት በጥርጣሬ ዐይን ትታያለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት አበው ይህን አይተው ነው።

ሕጉም በዚህ ረገድ ከሕሊና ጋር ይስማማል። በንግድ ሕጋችን መሠረት የንብረት መድን የካሳ ውል ነው፤ ካሳውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። የተጎዳው ወደ ነበረበት ይመለስ ዘንድ እንጂ ከአደጋው ያተርፍ ዘንድ አልተሠራም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ በግብር፣ በንግድና በሥራ የሚፈጸመውን ማጭበርበር፣ የቼክና የደረሰኝ ማስመሰልን ጭምር፣ ከስርቆት ወገን ይቈጥረዋል (ቁ. 2409)። በዚህም ላይ ፊርማውን ያኖረ ምስክር በስምንተኛው ትእዛዝ ይጠየቃል።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? እምቢ ብሎ ፊቱን ቢያዞር ራሱን ከኃጢአት ይጠብቃል፤ ወንድሙን ግን አልረዳም። እምቢታ ብቻውን ፍቅር አይደለም። ወደ መጋዘኑ አብሮት ይሂድ። ከረጢቱን አብሮት ይቍጠር፤ የረሰውንና የዳነውን ይለዩ። የተገነጠለውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ይቍጠሩ። ባየው ልክ ይጻፍ፤ ስሙንና ፊርማውን ያኑር፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱም አብሮት ይሂድ። ካሳው የማይደርስበትን ቀዳዳ ደግሞ፣ የልጆቹን የትምህርት ክፍያም ቢሆን፣ ለቁምስናው ጉባኤ ያቅርብለት። ያን ጊዜ ሰውየው የሐሰት ምስክር አጥቶ እውነተኛ ወንድም ያገኛል።

አስቀድሞ በሐሰት የወሰደ ሰው ቢኖር ተስፋ አይቍረጥ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ፤ መዳንም ለዚያ ቤት ሆነ (ሉቃ. 19፥8-9)። የተሰረቀውን መመለስ የፍትሕ ግዴታ ነው (ቁ. 2412)። መንገዱ የከበደው ሰው በምሥጢረ ንስሐ ለካህኑ ይንገር፤ ሳይዋረድ የሚመልስበት ብልሃት ይገኛል።

5. እውነተኛ ካሳ መጠየቅ መብት ነው፤ መክፈልም ግዴታ ነው

በሌላ በኩል መብታቸውን ከመጠየቅ የሚያፍሩ፣ የቢሮ ደጅ መርገጥ የሚፈሩ ምእመናን አሉ። መብትን በእውነት መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በደል በተዘጋጀበት ጊዜ ሕጉ በሰጠው መብት ተጠቅሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ፣ ውሉን ጉዳት ሳይደርስ አንብቡት። በአገራችን የእሳትና የመብረቅ መድን የገባ ሰው ሁሉ ለዐውሎ ነፋስ፣ ለበረዶና ለጎርፍ መድን ገብቷል ማለት አይደለም፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ በተጨማሪ አረቦን የሚታከሉ ናቸው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለት ይፈልግ፤ ይህም ለወጣቶቻችን መልካም የምሕረት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የንብረቱን ዋጋ በትክክል አስመዝግቡ። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በአምስት መቶ ሺህ ብር ብቻ መድን ቢገባና የሁለት መቶ ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በመድን ሥራ በታወቀው የመጠን ስሌት መሠረት የሚከፈለው አንድ መቶ ሺህ ብር ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተወሰነ ተቀናሽ ይኖራል። አረቦን ለማሳነስ ዋጋን ዝቅ ማድረግም፣ ካሳ ለማብዛት ዋጋን ከፍ ማድረግም ያው አንድ ሐሰት ነው።

ሦስተኛ፣ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ሳትዘገዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ሕጉም ውሉም ለማሳወቂያ የሚሰጡት ጊዜ በቀናት የሚቈጠር ነው። ገማቹ ሳያይ የተጎዳውን አትጣሉ፤ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የአስተዳደሩን ማስረጃና ደረሰኞችን ጠብቁ። ይሁን እንጂ ጉዳቱ እንዳይብስ ክዳኑን በሸራ መሸፈን፣ እህሉን ወደ ደረቅ ስፍራ ማሸሽ የባለቤቱ ተግባር ነው። በደል የደረሰበት ሰው ቅሬታውን ለኩባንያው በጽሑፍ ያቅርብ፤ መድን ሰጪዎችን የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ፍርድ ቤትም አለ።

በመድን ሥራ ላይ ላሉ ልጆቻችንም አንድ ቃል አለን። ክዳን በሌለው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው «ነገ ና» ሲባል ያ ነገ የዝናብ ሌሊት ነው። የሚገባውን ካሳ ያለ ምክንያት ማዘግየት፣ ማንበብ የማይችለውን ሰው ከሚገባው በታች እንዲፈርም ማድረግ፣ የሠራተኛን ደመወዝ እንደ ማስቀረት ወደ ሰማይ ይጮኻል (ያዕ. 5፥4)። ለቆርቆሮ ነጋዴና ለአናጺም እንዲሁ ነው። በማዕበል ማግስት የሌላውን ችግር ተመልክቶ ዋጋ ማናር በዚያው በ2409ኛው ቁጥር ስርቆት ተብሏል። የጎረቤት ጣሪያ መነሣት ለማንም የመከር ወራት አይሁን።

6. መድን የሌለው ጎረቤት

ካሳ ሁሉ በትክክል ቢከፈል እንኳ አብዛኛው የደጋችን ነዋሪ መድን የለውም። የሣር ጎጆዋ የተበተነባት መበለት የምትሞላው ቅጽ የላትም። በዚህ ጊዜ መድኗ እኛ ነን።

የአገራችን ሕዝብ ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። እድር አለ፤ ደቦ አለ፤ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድም ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው ጥንታዊ የመረዳዳት ሥርዐት አለ፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2014 ዓ.ም. በሕግ አቋቁሞታል። እኛ ካቶሊኮች በባሌ ቁጥራችን ጥቂት ነው። ሮቤ በ2004 ዓ.ም. ከመቂ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ተለይታ ራሷን የቻለች ሐዋርያዊ ግዛት ከሆነችም ወዲህ የምንኖረው በሙስሊምና በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል ነው። ነፋስ ቤት ሲመታ የማንን ሃይማኖት እንደሆነ አይጠይቅም፤ ክዳን ልናለብስ ስንሄድም እኛ ልንጠይቅ አይገባንም። ጳውሎስና ከእርሱ ጋር የነበሩት 276 ነፍሳት ከመርከብ ስብራት ወደ ማልታ በወጡ ጊዜ፣ በዝናብና በብርድ ላይ እሳት አንድደው የተቀበሏቸው ወንጌልን ገና ያልሰሙ የደሴቲቱ ሰዎች ነበሩ (ሐዋ. 28፥2)። ቅዱስ ሉቃስ ቸርነታቸውን ጻፈላቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ታነብበዋለች።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችን በሐዘን እናስታውሳለን። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሮጠው ሲቈፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። ውል አልነበራቸውም፤ አረቦን የከፈላቸው ማንም የለም። ለወዳጅ ነፍስን አሳልፎ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር እንደሌለ ጌታ የተናገረውን (ዮሐ. 15፥13) በአካፋና በእጃቸው ፈጸሙት። እኛ ግን አንድ ቅዳሜ፣ ጥቂት ምስማርና አንድ መዶሻ ብንጠየቅ ምን እንላለን?

ስለዚህ በየቁምስናው ከዝናብ ወራት በፊት ጥቂት ቆርቆሮ፣ ምስማርና ሸራ ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ፣ አናጺ የሆኑ ምእመናንም በዓመት ጥቂት ቀናት ለዚህ አገልግሎት እንዲሰጡ እንመክራለን። የቤተ ጸሎቱ ጣሪያና የመበለቲቱ ጣሪያ በአንድ ቀን ቢነሡ የትኛው ይቅደም ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ተጽፏል።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ጽሑፍ በቡድን ስታነቡ በሚከተሉት ጥያቄዎች እንድትወያዩ እንጠይቃለን።

ሀ) በአካባቢያችን አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚነገረው ቃል ምንድን ነው? እንደ ኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ነውን ወይስ እንደ መጨረሻቸው?
ለ) የምስክርነት ወረቀት ላይ እንድንፈርም ስንጠየቅ ያየነውን ብቻ እንጽፋለንን? እምቢ ስንልስ ከሰውየው ጋር እንቆማለንን?
ሐ) በቁምስናችን ክዳኑ የላላ፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ወይም መበለት ማን ነው? ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት ምን እናድርግ?

የተወደዳችሁ፤ ደቀ መዛሙርቱ በማዕበሉ መካከል ጌታን ሲቀሰቅሱት፣ እርሱ በዚያችው ጀልባ ውስጥ ነበረ (ማር. 4፥38)። በዳር ቆሞ አልተመለከታቸውም። በእኛም ቤት ክዳኑ ሲገለጥ ከእኛ ጋር ይረጥባል፤ የካሳውን ቅጽ ስንሞላም በአጠገባችን ይቀመጣል። ቤታችንን እንደገና ስንሠራ በዐለቱ በእርሱ ላይ፣ በእውነትና በፍቅር እንሥራ።

የነፋሳትና የባሕር ጌታ ሆይ፤ በደጋው ላይ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ጠብቅ። የተጎዱትን አጽናና፤ የሚቈጥሩትን እጆች ከሐሰት፣ የሚከፍሉትን እጆች ከመዘግየት፣ የእኛን እጆች ከስንፍና አድን። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ ዛሬም ዘወትርም ለዘለዓለሙ፤ አሜን።